ከሣጥን የወጡ የአክስት የፋሽን ንድፎችን ሳያበላሹ ለሕዝብ ማድረስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ልብስ ሰፊ የነበረች አክስት ወይም አያት ቤት ሲጸዳ፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ የተረሳ ሻንጣ ይወርዳል። ውስጡ የቀሚስ፣ የኮት፣ የሙሽራ ልብስ ሥዕሎች ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ በአምፖል ብርሃን ያነሳና በቴሌግራም ይለቀዋል። ሳይቆይ ሥዕሉ ያለ ስም በሌላ ሰው ገጽ ላይ ይወጣል። ወረቀቱ ተመልሶ ፌስታል ውስጥ ይገባል። በስፒል የተያያዘው የጨርቅ ቁራጭ የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም።

ሥራው የሚበላሸው ማጋራቱ ስለሚቀድም ነው። እዚህ መመሪያ ላይ ማጋራት ስምንተኛው ደረጃ ነው። እባካችሁ እዚያው ይቆይ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወቅት ምረጡ። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉና ዝናቡ አይለቅም፤ ወረቀትም እርጥበት ይጠጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በክረምት የግድ ከሆነና ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ወርዳችሁ ሥሩ፤ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ወረቀቱ ቶሎ ይደርቃል። ስትጓዙ ወረቀቶቹን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አታስጭኑ። የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ሰፊ ጠረጴዛና ንጹሕ ነጭ አንሶላ
- ለስላሳ እርሳስ (እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥ)
- አዲስ፣ ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ
- ያልተሰመረበት ነጭ ኤ4 ወረቀትና የወረቀት ፖስታዎች
- ማስመሪያና አንድ ትልቅ ጥቁር ወረቀት
- ለመዝገብ የሚሆን ደብተር
- የአፍና የአፍንጫ ማስክ፣ የላስቲክ ጓንት
- ባዶ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቅባት አትቀቡ። ለንጹሕ ወረቀት ጓንት አያስፈልግም፤ ጣት ስሜቱን ሲያጣ ወረቀት ይቀደዳል። ጓንቱ ለሻጋታ ነው።

ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ አትሥሩ። ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ ስኒው፣ እንግዳው፣ ሁሉም ለወረቀት አደጋ ነው። አቦሉን ጠጡና ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ሣጥኑን እንዳለ ፎቶ አንሱ

ምንም ሳትነኩ ክዳኑ እንደተከፈተ አንሱት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱን ንብርብር ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አብረው የታሠሩ ወረቀቶች አብረው ይቆዩ። ልብስ ሰፊ ወረቀት የምታስረው በምክንያት ነው፤ የአንድ ሰርግ ሥራ ወይም የአንድ ደንበኛ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ሰው ቀድሞ በትኖታል? አትደርድሩት። «በመጣበት ሁኔታ» ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉና ቀጥሉ። በግምት የተሠራ ቅደም ተከተል ከብትንትኑ ይብሳል፤ በኋላ እውነት ይመስላል።

ደረጃ 2፦ ባለ መብቱን ለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። በኋላ የቤተሰብ ጠብ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ የሥራው ባለቤት በሕይወት እስካለች ድረስ መብቱ የእሷ ነው። ካረፈች በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቿ ይተላለፋል። ጥበቃውን ለማግኘት ቀድሞ መመዝገብ አያስፈልግም። ሣጥኑ እናንተ ቤት መገኘቱ ግን መብቱን የእናንተ አያደርገውም። ወረቀቱን መያዝና ሥዕሉን የማሳተም መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አክስታችሁ በሕይወት ካለች ነገሩ አጭር ነው፦ እሷን ጠይቁ። «አይሆንም» ካለች አይሆንም። ካረፈች ወራሾቹን ሰብስቡና በወረቀት ላይ ተስማሙ። እንዲህ ብትጽፉ ይበቃል፦

«እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የ(ሙሉ ስም) ወራሾች፣ በእጇ የሣለቻቸው የልብስ ንድፎች ቅጂ ስሟ ተጠቅሶ በኢንተርኔትና በኤግዚቢሽን እንዲታይ ተስማምተናል። ለመሸጥ ወይም በንድፉ ልብስ ለማምረት ጥያቄ ከመጣ በድጋሚ ተሰብስበን እንወስናለን። ዋናዎቹ ወረቀቶች (ስም) ዘንድ ይቀመጣሉ።»

ቀን፣ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ጨምሩ። ውጭ አገር ያለ ወንድም ካለ ፈርሞ ፎቶውን ይላክ።

አንዱ እምቢ ካለስ? በጉልበት አትቀጥሉ። እስከ ደረጃ 7 ያለው ሥራ ማንንም አያስቀይምም፤ ሥሩትና የተሠራውን አሳዩት። እምቢተኛ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ወረቀቱ እንዳይጠፋ ነው። ገንዘብ ከመጣ ግን በቤተሰብ ወረቀት አትመኩ፤ ጠበቃ አማክሩ።

ደረጃ 3፦ አውጡ፣ አድርቁ፣ አጽዱ

አንድ በአንድ፣ በሁለት እጅ፣ ከሥር ደግፋችሁ አንሱ። እርጥበት ካለው ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉት። ጥላ ያለበት፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ፀሐይ ላይ አታስጡ። የእርሳስ መስመር ፀሐይ አይፈራም። የፍሎማስተርና የእስክሪብቶ ቀለም ግን በብርሃን ይደበዝዛል።

ከደረቀ በኋላ አቧራውን ከመሃል ወደ ዳር በብሩሽ ጥረጉ። እርሳስና ከሰል ያለበትን ቦታ አትንኩ። ላጲስ አትጠቀሙ፤ እናንተ ቆሻሻ ያላችሁት ጥላ እሷ በጣቷ ያጠላችው ሊሆን ይችላል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ሻጋታ ካለ፦* ወዲያው ለዩት። ማስክና ጓንት አድርጉ። በብሩሽ ሲነካ የሚቀባባ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፤ አድርቁት እንጂ አትጥረጉት። ዱቄት ከሆነ በኋላ ውጭ ወጥታችሁ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥታችሁ ጥረጉ። በረኪና፣ አልኮልና እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ።

*ነፍሳት ካሉ፦* በተለይ የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ ያለበትን ብል ይወደዋል። በላስቲክ ከረጢት አየር ሳታስቀሩ አሽጉና ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራውን ከአንድ ጀምሩ። ስታወጡ ወዲያው አትክፈቱ። ከረጢቱ እንደታሸገ አንድ ቀን ይደር፤ አለዚያ ጤዛ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

*ሁለት ወረቀት ከተጣበቀ፦* አትገንጥሉ። በእንፋሎት አላቅቃለሁ የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ከልክሉት። ቀለሙ ይፈሳል። የሚታየውን ገጽ ፎቶ አንሱና እንዳለ አስቀምጡ።

*ከታጠፈ ወይም ከተጠቀለለ፦* በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከከባድ መጻሕፍት ሥር ለአንድ ሳምንት ተውት። ካውያ አይነካውም። ላሚኔት ማስደረግም እንዲሁ፤ አንዴ ከታሸገ መመለሻ የለውም።

*ስፒልና አግራፍ ከዛገ፦* ወረቀቱን ሳይሆን ብረቱን አንቀሳቅሱ። ለቀቅ ካለ አውጡት። የጨርቁን ቁራጭ በትንሽ የወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ የሥዕሉን ቁጥር ጻፉበት። ካልለቀቀ ተውት።

*ፕላስተር ካለ፦* አትላጡ። የደረቀ ፕላስተር የሥዕሉን ቆዳ ይዞ ይነሣል።

ደረጃ 4፦ ቁጥር ስጡ

በጀርባ፣ በታችኛው ቀኝ ጥግ፣ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። 001፣ 002፣ 003 እያላችሁ ቀጥሉ። ሁለት ፊት የተሣለበት ከሆነ 003 ፊት፣ 003 ጀርባ ይባል። አብሮ ያለው የጨርቅ ቁራጭ 003 ጨርቅ ይሆናል።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ መስመር ያዙ፦ ምን ተሣለ፣ በምን ተሣለ፣ ስንት በስንት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ምን ተጽፎበታል። የተጻፈውን ከነስሕተቱ ገልብጡ። እሷ «ሽፎን» ብላ ከጻፈች እናንተ «ሺፎን» ብላችሁ አታርሙ።

ደረጃ 5፦ ቅጂ አንሱ

*በስካነር።* በደሴም በኮምቦልቻም ስካነር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አታጡም። ችግሩ ማሽኑ የሚሠራው ለመታወቂያና ለደብዳቤ በተስተካከለበት መልክ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን እንዲህ በሉት፦

1. በመስታወቱ ላይ ይሁን። ወረቀት በሚስበው ከላይኛው ክፍል አታስገባ።
2. ባለ ቀለም ይሁን፤ በእርሳስ የተሣለውም ጭምር።
3. 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይሁን። ከእጅ መዳፍ ለሚያንስ ሥዕል 600።
4. በቲፍ (የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) አስቀምጥ። በፒዲኤፍ አይሁን።
5. «አሳምር» የሚለውን ማስተካከያ ሁሉ አጥፋ።

ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በቲፍ ወደ 26 ሜጋባይት ይይዛል። አንድ መቶ ሥዕል 2.6 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ተራ ፍላሽ ይበቃዋል። ከቤቱ ሳትወጡ ሁለት ሦስቱን ክፈቱና አጉልታችሁ እዩ። ወረቀቱን «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ለሚያሳድር ቤት አትተዉ፤ ቁጭ ብላችሁ አስጨርሱ። ፍላሹን ኮምፒውተራችሁ ላይ ከመክፈታችሁ በፊት በጸረ ቫይረስ አስፈትሹት።

የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ገጽ ዘልቆ ከታየ ከወረቀቱ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አድርጉ። ይቀንስላችኋል።

*በስልክ።* ስካነር ከሌለ፣ ወይም ወረቀቱ ከኤ4 ከሰፋ፣ ስልክ ይበቃል። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ለኤ4 በቂ ነው። መስኮት አጠገብ ሥሩ፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይግባ። የደሴ ጭጋግ የሚመሰገንበት አንድ ቀን ይህ ነው፤ ጥላ የማይጥል ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። የክፍሉን አምፖልና የስልኩን ፍላሽ አጥፉ፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል ነጩ ወረቀት ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል።

ስልኩን ከወረቀቱ በላይ ትይዩ አድርጉ። በእጅ ከመያዝ ሁለት ወንበር መሃል ባለ ጣውላ ላይ ማስደገፍ ይሻላል። ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ አትጠቀሙ። የሦስት ሰከንድ መቁጠሪያ አብሩ። ከወረቀቱ ጎን ማስመሪያ አስቀምጡ።

የሰነድ መቃኛ አፕ አትጠቀሙ። እነዚያ አፖች ጽሑፍ ጠቁሮ እንዲነበብ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ስስ የእርሳስ ጥላን ቆሻሻ ነው ብለው ያጠፉታል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ሴቲቱ ከልክ በላይ ረዥም መስላ ብትታይ ለማሳጠር ብላችሁ ፎቶውን አትጨፍልቁት። በፋሽን ሥዕል ቁመት ዘጠኝ ራስ ያህል ተደርጎ መሣል የተለመደ ነው፤ የእውነተኛ ሰው ቁመት ሰባት ተኩል ራስ አካባቢ ነው። መጣመሙን የሚነግራችሁ ማስመሪያው ነው።

*ሦስት ቦታ አስቀምጡ።* አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ከከተማ ውጭ ባለ ዘመድ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። 2014ን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ያየ ሰው፣ ሁሉም ቅጂ አንድ ቤት መቀመጡ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ደረጃ 6፦ ጠይቁ፣ ጻፉ

ከሁሉም ደረጃ የማይደገመው ይህ ነው። ወረቀቱ ከተረፈ ነገም አለ፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ግን አርጅተዋል።

የምታሳዩት ቅጂ አሳትማችሁ ነው። ዋናው ቤት ይቀራል። አጉልታችሁ አሳትሙ፤ የስልክ ስክሪን ለትልቅ ሰው ዓይን አይሆንም። አብረዋት የሰፉትን ፈልጉ፤ ሱቋ ፒያሳ ከነበረ ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ ከነበረ ሰኞ ገበያ ሂዱ። ጨርቅ የሸጡላትን፣ ቁልፍና ገበር የምትገዛበትን ቤት፣ ደንበኞቿን ጠይቁ።

«ያስታውሷታል?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «እንዴታ! ጨዋ ሴት ነበረች» ሆኖ ያልቃል። የእጅ ሥራውን ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ይህ እጅጌ በምን ጨርቅ ነበር የሚያምረው?» «ይህን ሽንሽን ስንት ሜትር ይፈጀው ነበር?» «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ኮሌታ የሚያሰፋው ማን ነበር?» ጨርቁ ስም ያስነሳል፤ ስም ሰርግ ያስነሳል፤ ሰርጉ ዓመተ ምሕረት ያስነሳል። ድምፅ ለመቅዳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢነግራችሁ ሁለቱንም ከነስማቸው ጻፉ። ዳኛ አትሁኑ።

*ዘመኑን ለማወቅ።* ቀሚሱን አይታችሁ ብቻ ዓመት አትጻፉ፤ ፋሽን አንዱ ጋር ቶሎ፣ ሌላው ጋር ዘግይቶ ይደርሳል። ወረቀቱን አንብቡ። «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ማኅተም የንጉሡን ዘመን ያመለክታል፤ «ወሎ ክፍለ ሀገር» ደርግን። የቀበሌ ቁጥር ካለ ከ1967 በፊት ሊሆን አይችልም። ደንበኛው «ጓድ» ተብሎ ከተጻፈ ነገሩ ግልጽ ነው። «ደቡብ ወሎ ዞን» ካለ ከደርግ በኋላ ነው።

«12/3/71» ዓይነት ቀን ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ለውጭ አንባቢ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ጨምሩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «በ1960ዎቹ መጨረሻ ይመስላል» ማለት አያሳፍርም።

ደረጃ 7፦ የሚወጣውንና የማይወጣውን ለዩ

*የእሷ ነው ወይስ የተገለበጠ?* ሰፊዎች ከውጭ መጽሔት መገልበጣቸው የሥራው አካል ነው፤ ደንበኛ ገጹን ይዛ ትመጣለች። ነውር የለበትም። እናንተ ግን «የአክስቴ ፈጠራ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ ነውር ይሆናል። መብራት ከጎን አብርታችሁ እዩ። በካርቦን የተገለበጠ መስመር እኩል ተጭኖ ይሄዳል፤ ከጀርባ ጉብ ጉብ ይላል፤ ማመንታት የለበትም። የራሷ ከሆነ የተፋቀ መስመር፣ ሦስት ጊዜ የተቀየረ ኪስ፣ ዳር ላይ የሜትር ስሌት ታገኛላችሁ። በጉግል ሌንስም (በፎቶ ተመሳሳዩን በሚፈልግ አፕ) ፈልጉ።

አንዳንዴ አካሉ የተገለበጠ፣ ልብሱ የራሷ ይሆናል። ይህ በጣም የተለመደ ነው። አትጣሉት። «አካሉ ከመጽሔት የተወሰደ ይመስላል» ብላችሁ አብራችሁ ጻፉ።

*የደንበኞች ምስጢር።* ጥግ ላይ «ደ፣ ወ፣ ዳ» ተብሎ ቁጥር ካለ የአንዲት ሴት ደረት፣ ወገብና ዳሌ ሊሆን ይችላል። ስምና ስልክ ካለበት፣ ያልተከፈለ ዕዳ ከተጻፈበት፣ በሚጋራው ቅጂ ላይ ሸፍኑት። በዋናው ቅጂ ላይ አይነካ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያቺ ደንበኛ ዛሬ የጎረቤታችሁ አማት ናት።

ደረጃ 8፦ አጋሩ

የሚለቀቀው ቅጂ ትልቁ ቲፍ አይደለም። ረዥሙ ጎን 2000 ፒክስል ገደማ የሆነ ጄፔግ አዘጋጁ። ከሥዕሉ በታች ነጭ ጠርዝ ጨምራችሁ ስሟን እዚያ ጻፉ። በሥዕሉ ላይ ትልቅ ጽሑፍ አታስተኙ፤ ሥራውን ያበላሻል፣ ሌባውንም ብዙ አያግደውም።

መግለጫው ይህን ይያዝ፦

«የልብስ ንድፍ፣ ቁጥር 014። በ(ሙሉ ስም)፣ ልብስ ሰፊ፣ ደሴ። በእርሳስና በፍሎማስተር፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ። ለሰርግ የታዘዘ ከፋይ ኮት፤ የጨርቁ ቁራጭ አብሮ አለ። ቅጂው በቤተሰቡ ፈቃድ የቀረበ። ይህን ልብስ የሚያውቅ ይጻፍልን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። ብዙ መረጃ የሚመጣው በእሷ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትልቀቁ። በሳምንት ሁለት ሦስት በቂ ነው፤ ሰው ለማስታወስ ጊዜ ይፈልጋል። የሙሽራ ልብሱን ግን መጀመሪያ አውጡት። ሰርጉ ላይ የነበረ ሰው ዝም አይልም።

ቴሌግራም ላይ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ምስሉ ይጨመቃል። ለማሳተም ወይም ለማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የነፃ ምስሎች ማከማቻ ድረ ገጽ) ላይ ከመጫናችሁ በፊት ቤተሰቡን እንደገና ጠይቁ፤ እዚያ የሚሰጠው ፈቃድ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲነግድበትም ጭምር ይፈቅዳል፤ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም።

ኤግዚቢሽን ካሰባችሁ የታተመ ቅጂ ስቀሉ። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጨርቃ ጨርቅና የልብስ ስፌት ምሕንድስና ያስተምራል፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያነብ ዓይን እዚያ ታገኛላችሁ። የትኛውም ተቋም ዋናውን ልውሰድ ካለ ቁጥሮቹ የተዘረዘሩበት፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትስጡ። የቃል ውሰት የሚባል ነገር የለም።

*ሰው ያለ ስም ወስዶ ከለጠፈስ?* ስድብ አትጀምሩ። ስክሪንሾት አንሱ፤ ቀኑና አድራሻው ይታይ። ከዚያ በግል «ሥዕሉ የእከሊት ነው፣ ስሟን ጨምርልን» ብላችሁ ጻፉ። ብዙው ሰው ያርማል። ካላረመ በመድረኩ የቅጂ መብት ማመልከቻ አስወርዱት፤ ደረጃ 2 ላይ የፈረማችሁትና ደረጃ 1 ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ማስረጃ ናቸው። አንድ ሰፊ በንድፉ ልብስ ሰፍቶ እየሸጠ ከሆነ ወራሾቹን ሰብስቡ።

ደረጃ 9፦ ዋናዎቹን መልሱ

ወደ ድሮው ሻንጣ አይመለሱ። በእያንዳንዱ መሃል ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ፣ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ አስተኙ። የጋዜጣ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ራሱ ቢጫ እየሆነ ጎረቤቱን ያበላሻል። ፌስታልና ናፍታሌን አይግቡበት። ካርቶኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከውጭ ግድግዳና ከማድ ቤት ርቆ ይቀመጥ። የደብተሩን ፎቶ ኮፒ ከላይ አድርጉበት። መስከረም ሲጠባ ክፈቱት፣ ክረምቱ ያስገባው እርጥበት ወይም ነፍሳት ካለ ከደረጃ 3 ጀምሩ።